አንድ ርቀት፣ ሁለት የበረራ ጊዜ፦ የአዲስ አበባ ቦሌና የዋሽንግተን ደለስ መስመር

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት በፍልሰት፣ በንግድና በቱሪዝም ጥናቶች የጉዞ ጊዜንና ወጪን እንዲወክል ዘወትር ይወሰዳል። ርቀት ግን ለመሄጃም ለመመለሻም አንድ ሲሆን የበረራ ጊዜ እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ይህ አጭር ጽሑፍ የአዲስ አበባ ቦሌንና የዋሽንግተን ደለስን መስመር በአብነት ወስዶ የልዩነቱን ምንጭ ይመረምራል።

ቦሌ በ8.98° ሰሜንና በ38.80° ምሥራቅ፣ ደለስ በ38.94° ሰሜንና በ77.46° ምዕራብ ይገኛሉ። ምድር ሬዲየሷ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነ ሉል ናት ተብሎ ሲሰላ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው አጭሩ ቅስት 104 ዲግሪ፣ ርቀቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ነፋስ በሌለበት ይህን በ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል።

የመጀመሪያው የልዩነት ምንጭ ነፋስ ነው። በመካከለኛው ኬክሮስ የላይኛው አየር በአመዛኙ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ለስሌት ያህል አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ በ45 ደቂቃ ይረዝማል፤ የመልሱ በ40 ደቂቃ ያህል ያጥራል።

ሁለተኛውና ብርቱው ምንጭ የመነሻው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር፣ ደለስ 95 ሜትር ያህል ላይ ይገኛሉ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የቦሌ አየር እፍግታ መደበኛ ከሚባለው የባሕር ጠለል እፍግታ 74 በመቶ ገደማ ነው። ክንፍን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ከእፍግታና ከፍጥነት ካሬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ያው ክብደት ያለው አውሮፕላን ከቦሌ ለመነሣት 16 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይሻል። የሞተሩ ገፊ ኃይል ግን በሳሳ አየር ይቀንሳል። የጎማ የፍጥነት ገደብና አንድ ሞተር ቢቋረጥም ከፍታ እየጨመሩ የመሄድ ግዴታ ሲታከሉበት የመነሻ ክብደት ይወሰናል። ስለዚህ መንገደኛና ጭነት መቀነስ፣ ወይም በጥቂት ነዳጅ ተነሥቶ በመንገድ መሙላት የግድ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር በተለያዩ ዓመታት ሮም ወይም ደብሊን ላይ ማረፉ፣ ከደለስ ሲመለስ ግን በቀጥታ መምጣቱ ዋና ምክንያቱ ይኸው ነው።

የዚህ ማረፍ ዋጋ ከርቀት የሚመነጭ አይደለም። በደብሊን በኩል ያለው መንገድ 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጊዜ የሚወስደው ማረፉ፣ ነዳጅ መሙላቱና ዳግም መነሣቱ ነው። ይህ አንድ ሰዓት ብቻ ቢወስድ እንኳ፣ ከላይ ከተወሰደው ነፋስ ጋር ተደምሮ የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይደርሳል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ርቀትን ብቻ የሚጠቀም ሞዴል ይህን ልዩነት ፈጽሞ ሊያይ አይችልም፤ ተመራማሪው የበረራ ጊዜን በየአቅጣጫው ለይቶ ሊመዘግብ ይገባል። ጊዜውን ከበረራ ሰሌዳ ሲወስድም ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት፣ በበጋቸው ወራት በ7 ሰዓት ወደ ኋላ መሆኗን ማስላት አለበት። ሁለተኛ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ መሆኑ ከስፋቱ ያላነሰ ትርጉም አለው፤ ኪሎ ሜትሩ ሳይለወጥ የጉዞው ጊዜ ሊያጥር ይችላልና።