የባሕር ዐውሎ ነፋስና የውሃ ሙላት

በበጋ ወራት በማሳ ላይ አቧራና ገለባ አንሥቶ የሚሽከረከረውን ዐውሎ ነፋስ የቤተ ልሔም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እርሱ ግን ስፋቱ ከአንድ አውድማ እምብዛም አይበልጥም፤ ጥቂት ቆይቶም ይጠፋል። የባሕር ዐውሎ ነፋስ ግን ስፋቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙ ቀንም ይቆያል።

አፈጣጠሩ። የውቅያኖስ ውሃ ሙቀቱ 26 ወይም 27 ዲግሪ ሲደርስ ብዙ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። እንፋሎቱ በከፍታ ቀዝቅዞ ደመናና ዝናብ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ አየሩም ይበልጥ ሞቆ ይነሣል። ከሥሩ የጐደለውን ለመሙላት ነፋስ ከየአቅጣጫው ይሮጣል፤ ምድርም ስለምትዞር ነፋሱ እየተጠማዘዘ ይሽከረከራል። በመካከሉ ዐይን የሚባል ጸጥ ያለ ስፍራ አለ። የማያውቅ ሰው ዐይኑ ሲደርስ ጥፋቱ አለፈ ብሎ ከቤቱ ይወጣል፤ ነፋሱ ግን ከሌላው ወገን ይመጣበታል።

ጥፋቱ። ጥፋቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ነፋሱ ጣራ ይገለብጣል፥ ዛፍ ይነቅላል። ሁለተኛ፥ ባሕሩን ገፍቶ ወደ የብስ ያወጣዋል፤ በዝቅተኛው ዳርቻ የሚኖረውንም ሕዝብ ያሰጥማል። ሦስተኛ፥ ዝናቡ ወንዞችን ከመጠን በላይ ያስሞላል።

መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም ሌሊት ኢዳይ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሞዛምቢክ አገር በቤይራ ከተማ አጠገብ ወጣ፤ በሞዛምቢክ፥ በዚምባብዌና በማላዊ ከ1000 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ወደ ኢትዮጵያ የቀረበም አለ፤ ሳጋር የተባለው ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ሶማሌላንድ ወጥቶ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ጎርፍ አስከተለ።

የደጋው ሰው ድርሻ። ይህ ነፋስ ወደ የብስ ከገባ በኋላ የሞቀ ውሃ ስለማያገኝ ይደክማል፤ ስለዚህ እስከ ጋይንት ደጋ አይደርስም። የውሃ ሙላት ግን ባሕር በሌለበትም አገር ይሆናል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም ክረምት ውሃው ሜዳውን ሸፍኖ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ።

ዛፍና ሣር የሌለበት ቁልቁለት ዝናቡን አይዝም፤ አፈሩም ታጥቦ ወርዶ የወንዙን ወለል ይደፍናል፤ ወንዙም ከዳርቻው ይወጣል። ስለዚህ በጉና ላይ ዛፍ ያጠፋ ሰው በፎገራ ባለው በወንድሙ ቤት ላይ ውሃ ይለቃል፤ እርከን የሠራ ግን የራሱን አፈር ጠብቆ፥ ያላየውንም ወንድሙን ይረዳል።

ጎርፍ በመጣ ጊዜ ዕቃ ለማውጣት ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መሸሽ ይገባል። የሚሮጥ ውሃ ከጉልበት ባይበልጥም ሰውን ይጥላልና የሞላ ወንዝ አይሻገሩትም። ጎርፍ የገባበትን የጉድጓድ ውሃም ሳያፈሉ አይጠጡትም።

ጥያቄ።
1. የባሕር ዐውሎ ነፋስ በየብስ ላይ ስለ ምን ይደክማል?
2. ዐይኑ ሲደርስ ከቤት መውጣት ስለ ምን ያስፈራል?
3. በጉና የሚሠራ እርከን የፎገራን ሰው እንዴት ይጠቅማል?