«የልጆች ጠብ ነው» ሲሉዎት፦ ልጅዎ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲጠቃ የሚጠይቁት መብት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ይማራል። ከፍ ያሉ ልጆች ገንዘቡን ይቀሙታል፣ ሲወጣ ጠብቀው ይመቱታል፣ አያቶቹ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን እያነሱ ይሰድቡታል። ለመምህሩ ደጋግሜ ብነግር ‹የልጆች ጠብ ነው፣ ይታረቃሉ› ተባልኩ። በቅርቡ ደግሞ የአደጋ ልምምድ ነው ተብሎ ደወል ሲደወል ተማሪው ተገፋፍቶ ልጄ ወድቆ ተላልጦ መጣ። ማንን ልጠይቅ?»

መልስ፦ ሁለቱም ጥያቄዎችዎ የሚያርፉት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ልጅዎ የትምህርት ቤቱን በር ካለፈ በኋላ የሚጠብቀው ማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ሌላውን ሲጎዳ በመርሕ ደረጃ የሚጠየቀው አባት ነው (ቁጥር 2124)። ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት ግን ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይዞራል (ቁጥር 2125)። ከዚህም ሌላ ማንም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ መሥራት አለበት (ቁጥር 2031)። ልጅ እየተደበደበ መሆኑን አውቆ ዝም ያለ መምህር ወይም ርዕሰ መምህር «ልጆቹ ናቸው የመቱት» ብሎ ብቻ አያመልጥም።

«አውቆ» የምትለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። እርስዎ ለመምህሩ የነገሩት በቃል ነው። ነገ ጉዳዩ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ከፍርድ ቤት ቢደርስ መምህሩ «አልሰማሁም» ቢሉ እርስዎ በእጅዎ ምን አለ? በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ወላጆች ብዙ ተመላልሰዋል፣ ብዙ አልቅሰዋል፣ በመዝገብ ላይ ግን አንድም ቃል የለም። ስለዚህ ማመልከቻ ይጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን ተደረገ፣ በየትኛው ቀን፣ በግቢው የትኛው ቦታ፣ ማን አየ፣ ከዚህ በፊት ለየትኛው መምህር ተነገረ፣ አሁን ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ። ልጁ የተናገረውን በራሱ አነጋገር ያስፍሩት፤ በወላይትኛ የተነገረ ስድብ ከሆነ በወላይትኛ እንዳለ ይጻፉት። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለርዕሰ መምህሩ ገቢ ያድርጉ፣ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም ወይም ፊርማ አስደርገው ይዘው ይመለሱ። ለወላጅ ተማሪ መምህራን ኅብረቱ (ወተመህ) ግልባጭ ያድርጉ። ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ትምህርት ቤቱ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ያለውን ኃላፊነት ያስቆጥራል።

መልስ ካልተሰጠዎት ያንኑ ወረቀት አያይዘው ወደ ከተማው ወይም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ዞኑ ትምህርት መምሪያ ይሂዱ። የሴቶችና ሕፃናት መሥሪያ ቤቱም ጉዳዩ ይመለከተዋል። መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው አቤቱታውን ካጉላሉት ሐዋሳ ቅርንጫፍ ያለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ይመረምራል። በዚህ መሀል «ልጁን መሸኛ ሰጥተን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንላከው» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። እርስዎ ካልፈለጉ አይቀበሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት በሚወሰን ማንኛውም ነገር የሕፃኑ ደኅንነት ቀዳሚ እንዲሆን ያዛል፤ የተጠቃውን ልጅ ከጓደኞቹ ነጥሎ ማባረር ለእሱ ደኅንነት የተደረገ ነው ለማለት ይከብዳል።

በሸክላ ሠሪነት ላይ ስለተሰነዘረው ስድብ ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ። በወላይታ የሸክላ ሠሪዎች፣ የቆዳ ፋቂዎችና የቀጥቃጮች ልጆች በትውልዳቸው ሲናቁ መኖራቸው የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ የሰውን ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ «ተሰደበ» ብለው አይለፉት። ምን ተብሎ እንደተሰደበ በግልጽ ይጻፉ። መምህሩ ይህን ስድብ ሰምቶ ያለፈ ከሆነ ነገሩ የልጆች ጠብ መሆኑ ያከትማል፤ የእኩልነት መብት ጉዳይ ነው።

ወደ ፖሊስ መሄድስ? መብትዎ ነው፣ የትምህርት ቤቱንም ፈቃድ አይጠይቅም። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 14 መሠረት አቤቱታዎን በቃል ቢያቀርቡም ፖሊሱ ጽፎ፣ አንብቦልዎት ሊያስፈርምዎት ይገባል። ልጁ ከቆሰለ መጀመሪያ ሕክምና ይውሰዱት፣ የሕክምና ማስረጃውንም ይያዙ። ቀላል የአካል ጉዳት (የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556) በመርሕ ደረጃ የሚያስከስሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ስለሆነ አይዘግዩ። ካሣ ለመጠየቅ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ስድቡ ወይም ዛቻው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ከመጣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይመለከተዋል፤ ከመጥፋቱ በፊት ስልኩ ላይ የሚታየውን ፎቶ ያንሱት።

የሰው ልጅ እስር ቤት አስገባለሁ ብለው ይፈሩ ይሆናል። የወንጀል ሕጉ ለልጆች የተለየ መንገድ አለው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ከዘጠኝ እስከ 15 ዓመት ያለው የአዋቂ ቅጣት አይጣልበትም፤ ፍርድ ቤቱ ሊወቅሰው፣ በቅርብ ክትትል እንዲታረም ሊያዝ ወይም ከባድ ሲሆን ወደ ማረሚያ ተቋም ሊልከው ይችላል። ችሎቱም በዝግ ይካሄዳል። ስለዚህ ማመልከት የሌላውን ልጅ ሕይወት ማበላሸት አይደለም። እንዲያውም ገና በልጅነቱ የሚያርመው ሰው ያገኛል።

ሽማግሌ ገብቶ ቢያስታርቅ አልቃወምም። ልጆቹ ነገም አንድ ግቢ ይውላሉ። እርቁ ግን ተጽፎ ይፈረም፣ ድርጊቱ ቢደገም ምን እንደሚደረግም ይገለጽበት። ጥቃቱ ወሲባዊ ከሆነ ግን ሽማግሌ ቦታ የለውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 እና 627 ልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን ከባድ ወንጀል አድርገውታል። ልብስ ሳይታጠብ፣ ሰውነት ሳይታጠብ ወዲያውኑ ሐኪም ቤትና ፖሊስ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

ልጁን የሚመታው መምህሩ ራሱ ቢሆንስ? በዚህ ላይ ሕጋችን ውስጥ አሮጌና አዲስ ይጋጫሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2039 ለተማሪ የሚሰጥ መጠነኛ የአካል ቅጣትን እንደ ጥፋት አይቆጥርም ነበር። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ነፃ አድርጓል፣ በአንቀጽ 9 ደግሞ ከእሱ የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚ እንደማይሆን ይደነግጋል። በእኔ እምነት አርጩሜው ያኔ ሕጋዊነቱን አጥቷል። «ወግ ነው» የሚል መምህር ካለ ይህን አንቀጽ ያሳዩት።

አሁን ወደ ልምምዱ። ልጅዎ መላላጡ ያሳዝናል፤ ልምምዱ እንዲቀር ግን አይጠይቁ። በጥር 2008 ሐዋሳ ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከፎቅ ለመውጣት ሲጣደፉ ተጎድተዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን ሮጠው የመጡ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እዚሁ ወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ ናዳ ሰው ገድሏል። በገደልና በተራራ ሥር ብዙ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ዞን የመውጫ ልምምድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሊሆን አይገባም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል ግዴታ እንዳለበት ይናገራል።

ስለዚህ የሚጠይቁት ልምምዱ በሥርዓት እንዲሆን ነው። ልምምዱ ለልጆቹ አስቀድሞ ተነግሯል? የአደጋው ደወል ከእረፍት ደወል ይለያል? የየትኛው ክፍል ተማሪ በየትኛው በር ይወጣል? የኋላው በር ቁልፍ በማን እጅ ነው? በክራንች የሚሄደውን ወይም የማያየውን ልጅ ማን ይይዘዋል? ከወጡ በኋላ የት ይሰበሰባሉ፣ ስም የሚጠራውስ ማን ነው? የመሰብሰቢያው ቦታ ከግንብ፣ ከባሕር ዛፍና ከገደል ሥር መራቅ አለበት። ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትምህርት ከእሳት ይለያል፦ መንቀጥቀጡ እስኪያቆም ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን፣ ከዚያ ሳይገፋፉ መውጣት። ለናዳ ደግሞ ከቁልቁለቱ ወደ ጎን መራቅና ተመልሶ አለመምጣት።

እነዚህን ጥያቄዎች በዚያው ማመልከቻ ላይ ከድብደባው ቀጥለው ይጻፉ፣ በወተመህ ስብሰባ ላይም ያንሱ። ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። ሰኞ ጠዋት ግን ማንንም ሳይጠብቁ ሁለት ቅጂ ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይግቡ፤ ማኅተሙ ሳያርፍ አይውጡ።