ከ«ሹመት ያዳብር» በኋላ

ለወረዳ ምክር ቤት የተመረጠ ሰው «ሹመት ያዳብር» ከተባለ በኋላ ምን ሊማር ይገባዋል? በእኔ እምነት የመጀመሪያው ትምህርት በጀት ማንበብ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል ላሉ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ይመደብላቸው ጀመር። ይህን በጀት የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ሆኖም ተመራጩ ሠንጠረዡን ማንበብ ካልቻለ፣ ሥልጣኑ በወረቀት የእርሱ፣ በተግባር ግን የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ይሆናል። ለእርሱ የሚቀርለት እጅ ማውጣት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው በአዳራሽ ንግግር ተጀምሮ በአዳራሽ ንግግር አይለቅ። ተመራጩ የገዛ ወረዳውን በጀት ይዞ ይቀመጥ። ከገንዘቡ አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል ይመልከት፤ የቀረው ለመድኃኒት፣ ለመማሪያ መጻሕፍትና ለውኃ ጥገና እንዴት እንደሚከፋፈል ይከታተል። ከዚያ ሦስት ጥያቄዎችን ይልመድ፦ ምን ያህል ተፈቀደ? ምን ያህል ወጣ? በወጣው ምን ተሠራ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሪፖርቱ ይመልሳቸዋል። ሦስተኛውን ግን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ያሻል። መራጩ አደራ የሰጠውም ይህንኑ እንዲያይለት ነው።