እጅ የሚያቆሽሽ የጌጥ ወረቀት

ጥያቄ፦ ለመጽሐፍ ሽፋን በዱቄት ሙጫና በቀለም ያስጌጥኩት ወረቀት ሲደርቅ ይጠቀለላል፤ ቀለሙም እጅ ያቆሽሻል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይህ ጥበብ በጀርመን ጠራዦች ዘንድ የቆየ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሳክሶኒ፣ ሄርንሁት የነበሩት የሞራቪያ ማኅበረሰብ ሴቶች ያስጌጡት ወረቀት እጅግ የታወቀ ነበር።

ቀለሙ የሚለቀው ብዙውን ጊዜ ሙጫው ሲቀጥን ወይም ቀለሙ ሲበዛ ነው፤ ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር የሚያያይዘው ሙጫው ነውና። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ በወንፊት ይጠለላል። ቀለሙ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ በስፖንጅ ይረጥባል፤ ሙጫው በሰፊ ብሩሽ ይቀባል፤ ሳይደርቅም በማበጠሪያ ወይም በጣት ንድፍ ይወጣለታል።

መጠቀለሉ አያሳስብ። ሙጫው ሲደርቅ ስለሚኮማተር የሚመጣ ነው።

ወረቀቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጀርባው በስሱ ይረጥብና፣ ፊቱ እንዳይጣበቅ የሰም ወረቀት ተደርጎበት፣ ክብደት ተጭኖበት ይደር። ለማጠናቀቂያ ጥቂት የንብ ሰም ተቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል፤ ፍትጊያንና እርጥበትን ይቋቋማል። ሰሙ ግን መጽሐፉ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ይቀባ፤ ሰም የነካውን ቦታ ሙጫ በደንብ አይዘውም።