የደም ቅዳ ቧንቧ መደደርና የኮሮና ቫይረስ

የደም ቅዳ ቧንቧዎች ደምን ከልብ ወደ መላው አካል ያደርሳሉ። በግድግዳቸው ላይ ስብና ካልሲየም ለዓመታት ሲከማች ይደድራሉ፤ ይጠባሉም። ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው ታማሚው አያውቀውም። የኮሮና ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ብግነት ያስነሳል፤ የደምንም የመርጋት ዝንባሌ ይጨምራል። ቀድሞ የጠበበውን ቧንቧ የረጋ ደም ሲዘጋው ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ይከተላል።

ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከሻምቡ ወይም ከደምቢ ዶሎ ለክትትል ወደ ነቀምቴ የሚመላለስ ታካሚ፣ በመናኸሪያው ግፊያ ቫይረሱ እንዳይዘው ሰግቶ ቀጠሮውን ሊተው ይችላል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መድኃኒት ማቋረጥ ግን መፍትሔ አይሆንም። መድኃኒትዎ ሳያልቅ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ያነጋግሩ፤ ለተከታታይ ወራት የሚበቃ መድኃኒት ሊሰጥዎ ይችል እንደሆነም ይጠይቁ። የደም ግፊትዎን እዚያው ያስለኩ፤ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናው መታየት አለበት።

አንጮቴ መልካም ምግብ ነው፤ የሚያሳስበው አብሮት የሚቀርበው ቅቤ ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይለፍ፤ ቡና ውስጥ የሚጨመረውም ይቆጠራል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ።

ደረትን የሚያስጨንቅ ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ሲያጋጥም ቫይረሱን ፈርቶ ቤት መቆየት አይገባም። አስታማሚው ማስክ አድርጎ ታማሚውን ወዲያውኑ ሆስፒታል ያድርስ፤ ምልክቱ የጀመረበትንም ሰዓት ለሐኪሙ ይንገር።