ከሩቅ ሆኖ የዩኒቨርሲቲን ፋይል በደኅና ስለ መክፈት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጽሑፉንና የምርምሩን ውጤት የሚያኖረው በገዛ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ሰርቨር በሚባለው ኮምፒዩተር ላይ ቦታ ይሰጠዋል። ተማሪው በግቢው ውስጥ ሳለ ይህን ፋይል መክፈት ቀላል ነው። ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ቤት በሄደ ጊዜ ግን በእርሱና በሰርቨሩ መካከል እርሱ የማያውቃቸው ብዙ መሥመሮችና መሣሪያዎች ይገባሉ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ እጅ የሚያልፈው ቃል ሳይሰረቅ እንዴት ይደርሳል? ብዙዎቻችን በጥቂት ዓመት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምናስብ ስለ ሆንን፥ ስለዚህ ነገር የተማርሁትን ለማስረዳት ወደድሁ።

አስቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩት ቴልኔትና ኤፍ.ቲ.ፒ. የተባሉት ዘዴዎች ናቸው። ቴልኔት ሩቅ ያለውን ኮምፒዩተር ለማዘዝ፥ ኤፍ.ቲ.ፒ. ደግሞ ፋይል ለማመላለስ ያገለግላሉ። ሁለቱም የታሰቡት በመረቡ ላይ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ጥቂቶች በነበሩበት ዘመን ስለ ሆነ፥ የይለፍ ቃሉን እንዳለ በግልጽ ይልኩታል። ይኸውም ደብዳቤን ሳያሽጉ በመንገደኛ እጅ እንደ መላክ ያለ ነው።

ይህንን በዐይናችን ለማየት፥ በአስተማሪያችን ፈቃድ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒዩተሮችን በአንድ ገመድ አገናኘን። ዋየርሻርክ የተባለው ፕሮግራም በገመዱ የሚያልፈውን ሁሉ ያሳያል። ለሙከራው ብቻ ያወጣነውን «ሽሮወጥ» የሚል የይለፍ ቃል በላቲን ፊደል ጽፈን በኤፍ.ቲ.ፒ. ስንገባ፥ ቃሉ ከነሙሉ ፊደሉ በመስኮቱ ላይ ታየ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ያንኑ በኤስ.ኤስ.ኤች. ስንደግመው ትርጕም የሌለው የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ብቻ አየን። (በሌላ ሰው መሥመር ላይ ይህን ያለ ፈቃድ ማድረግ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ መሆኑን ማንም አይርሳ።)

ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለው ዘዴ የተወለደው ከዚሁ ዐይነት ስርቆት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃል የሚለቅም ፕሮግራም ተደብቆ ተገኘ። በዚያ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን ይህን አይቶ አዲሱን ዘዴ ሠራና በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ለሁሉ በነጻ ሰጠ። ኤፍ.ቲ.ፒ. በ21፥ ቴልኔት በ23 ቁጥር በር ይገቡ ነበርና፥ በመካከል ባዶ የነበረውን 22ን ለምኖ ተፈቀደለት። የሁለቱን ሥራ ለመተካት የመጣ ዘዴ በሁለቱ መካከል መቀመጡ እኔን ደስ ያሰኘኛል።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንምጣ። ሁለት ሰዎች አስቀድመው ሳይገናኙ፥ ሌላው ሁሉ እየሰማቸው፥ በምሥጢር ቍጥር ሊስማሙ ይችላሉን? ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 እንደሚቻል አሳዩ። ለምሳሌ ያህል ከበደና አልማዝ በ23 እና በ11 በግልጽ ይስማሙ። ከበደ በልቡ 3ን፥ አልማዝ በልቧ 2ን ይያዙ። ከበደ 11×11×11 ብሎ 1331 ያገኛል፤ ለ23 ሲያካፍለው ቀሪው 20 ነውና «20» ብሎ ይናገራል። አልማዝ 11×11 ብላ 121 ታገኛለች፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 6 ነውና «6» ትላለች። ከዚያ ከበደ የሰማውን 6×6×6 ቢያባዛ 216 ይሆናል፤ ቀሪውም 9 ነው። አልማዝም የሰማችውን 20×20 ብታባዛ 400 ይሆናል፤ የዚህም ቀሪ 9 ነው። 9 የሚለውን ቍጥር ግን ማንም ከአፉ አላወጣውም! በእኛ ትንንሽ ቍጥሮች ሌባው እየሞከረ ሊደርስበት ይችላል። በሥራ ላይ በሚውለው በአንደኛው ዐይነት ግን በ23 ፈንታ የሚገባው ብቸኛ ቍጥር ከ600 በላይ አሃዞች አሉት። ወንድሞቼና እኅቶቼ በሌላ ቍጥር ሞክረው ይመልከቱት።

ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ከበደ የሚነጋገረው በእርግጥ ከአልማዝ ጋር ነውን? ሌባው በመካከል ገብቶ ለከበደ «አልማዝ ነኝ»፥ ለአልማዝም «ከበደ ነኝ» ቢል፥ ከሁለቱም ጋር ለየብቻ ምሥጢር ተስማምቶ ሁሉን ያነብባል። ስለዚህ ሰርቨሩ የራሱ ቍልፍ አለው፤ ተማሪው መጀመሪያ ሲገባም የዚህ ቍልፍ «የጣት አሻራ» ታይቶት ያምንበት እንደ ሆነ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ሳያነብ «እሺ» ይላል። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ የሒሳቡ ብርታት ሁሉ በአንዲት ቃል ይፈርሳልና። ትክክለኛው መንገድ አሻራውን ከዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል በሌላ መንገድ አስቀድሞ ተቀብሎ ፊደል በፊደል ማስተያየት ነው። ቆይቶም «የሰርቨሩ ቍልፍ ተለውጧል» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፥ ሥራውን አቁሞ መጠየቅ ይገባል።

ፋይሎቹን ለማመላለስ በኤስ.ኤስ.ኤች. ውስጥ የሚሄድ ኤስ.ኤፍ.ቲ.ፒ. የሚባል አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ቪ.ፒ.ኤን. ይሰጣሉ፤ ይህም የተማሪውን ኮምፒዩተር በተመሰጠረ ዋሻ ወደ ግቢው መረብ የሚያስገባ ነው። የዊንዶውስ የጋራ ፎልደሮች የሚከፈቱበት 445 ቍጥር በር በቀጥታ ለውጭ እንዲከፈት አይመከርም። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም በዚሁ አገልግሎት ጕድለት ገብቶ በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ማይክሮሶፍት ማረሚያውን ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር፤ የተጐዱት በአብዛኛው ያላደሱት ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚጠብቀው መንገዱን እንጂ የመንገዱን ሁለት ጫፎች አይደለም። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነውን ፊደል የሚመዘግብ ፕሮግራም ቢኖር፥ የይለፍ ቃሉ ገና ሳይመሰጠር ተወሰደ ማለት ነው። የወረደውም ፋይል ተማሪው ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠውም ሰው «የወረዱ» የሚለውን ፎልደር መክፈት ብቻ ይበቃዋል።