«ይህ ሥራ የእኔ አይደለም» ማለት

ሰው ወደ ኋላ የሚቀረው በብዙ ምክንያት ነው። መሬት ያጥራል። ዝናብ ይጠፋል። ገንዘብ ይታጣል። እነዚህ ችግሮች ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ነገር ግን በገዛ ራሳችን ውስጥ ተቀምጠው እጃችንን የሚያስሩ አስተሳሰቦችም አሉ። ዛሬ ሦስቱን እንመልከት።

1. ሥራን መናቅ

ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም። ማረሻውን በእሳት አግሎ የሚቀጠቅጠው አንጥረኛው ነው። እንጀራ ያለ ምጣድ አይጋገርም። ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ብርድ የምንከላከልበትን ጋቢ የሚሠራልን ሸማኔው ነው።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን እንላቸዋለን? «ቡዳ» እንላለን። ልጃችንን ለልጃቸው አንድርም። በምጣዱ የተጋገረውን እየበላን ምጣዱን የሠራችውን ሴት እናማለን። ይህ ትክክል ነውን?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አዋጅ አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም። ልብን መለወጥ የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው።

ንቀት የሚጎዳው የተናቀውን ብቻ አይደለም። የባለ እጁ ልጅ የአባቱን ሥራ አፍሮበት ይተወዋል፤ ሙያው ይጠፋል። የገበሬው ልጅ ደግሞ መሬት ሲያጥረው የእጅ ሥራ ተምሮ መኖር ሲችል፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ደግሞም አስቡት፤ ገበሬውን ራሱን «ባላገር» እያለ የሚንቅ የከተማ ሰው አለ። ንቀት እንዲህ ዞሮ ሁሉንም ይነካል።

2. «የወንድ ሥራ ነው፣ የሴት ሥራ ነው» ማለት

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የእንጦጦ ተራራ አለ። ተራራው ባሕር ዛፍ ለብሷል። ብዙ ድሀ ሴቶች ከዚያ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ እየወረዱ ኖረዋል። አንዳንዶቹ በየካ በኩል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሌሎቹ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ። ሸክሙ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ነው። ወገብ ይሰብራል፤ የሚያስገኘው ገንዘብ ግን የዕለት ጉርስ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም።

ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። ሴቶቹ እንጨት ተሸክመው በሸማኔው ደጅ ያልፋሉ። ነገር ግን በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ስለዚህ ሴት መወርወሪያ መያዟ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በዓለም የሥራ ድርጅት እርዳታ፣ ከእነዚህ ሴቶች መካከል ሌላ ሙያ የተማሩ ተገኙ። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበርም ተቋቋመ። ሴቶቹ ሸማኔ ሆኑ። የአንገት ልብስ እየሠሩ ለአገር ሰውም ለውጭ ሰውም ሸጡ። ድሩ «ይህች ሴት ናት» ብሎ አልተበጠሰም። የሚበጠሰው ልማዱ ኖሯል!

3. «ዕድሌ ነው፣ አርጅቻለሁ» ማለት

አንዳንድ ሰው «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ሌላው «ካረጁ አይበጁ» እያለ ይተርታል። በጎረቤታችን በኬንያ ግን ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ገቡ። ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። እናንተም ይህን ገጽ ስታነቡ «አልችልም» ያላችሁትን ችላችኋል። ማንበብ የተቻለ፣ ሌላው እንዴት ያቅታል?

ምን እናድርግ?

አስተሳሰብን መለወጥ ብቻውን አይበቃም። የእንጦጦ ሴቶች ቆርጠው ቢነሡም የሽመና ዕቃ፣ አስተማሪና ገበያ ባያገኙ ኖሮ ሸክሙን ባልጣሉ ነበር። ስለዚህ አዲስ ሥራ ስታስቡ «ሰው ምን ይለኛል?» ከማለት በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራው ያዋጣል ወይ? ማን ያስተምረኛል? ዕቃውንስ ብቻዬን እገዛለሁ ወይስ ከጎረቤቶቼ ጋር ተባብሬ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ ብቻውን የሚያፍር ሰው ከብዙዎች ጋር ሲሆን ይደፍራል።

ጥያቄዎች

ሀ. በመንደራችሁ የሚናቅ ሥራ አለ? የዚያ ሥራ ውጤት በቤታችሁ ውስጥ የትኛው ዕቃ ነው?
ለ. የእንጦጦ ሴቶች ሸማኔ እንዲሆኑ የረዷቸው ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
ሐ. «የሴት ሥራ ነው» ወይም «የወንድ ሥራ ነው» ብላችሁ ያልሞከራችሁትን አንድ ሥራ ጻፉ። ምክንያቱን ለቤተ ሰባችሁ አስረዱ።